ቀይ ክር የታሰረበት ጠርሙስ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ያችን በርጩማ ወደዚህ ሳባት። አንቺም በሩ ላይ አትቁሚ፤ በር ላይ የቆመ ሰው የወሬውን ግማሽ ነፋስ ይወስድበታል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አያታችሁ ነው፣ ስለ እናቱም። ሳቅም አለበት። ድንጋጤም አለበት፤ መሃል ላይ አታቋርጡኝ።

አያታችሁ ያኔ የእህል መጋዘን ጥበቃ ነበር። የምንኖረው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። በአንደኛው እኔና እሱ እንተኛለን። በሌላኛው የኔ የስፌት መኪና፣ አንድ ጠረጴዛና የአማቴ አልጋ አሉ። እኔ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የተማሪ ልብስ እሰፋለሁ። አማቴ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር መርፌ አይዙም፤ ጆሯቸው ግን ጉድ ነው! መንገድ ላይ የሚሄደውን ሰው በእግሩ ኮቴ ይለዩታል። «ባለሱቁ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ጫማው ለቆበታል» ይላሉ። ወጥቼ ሳይ እውነት ነው።

ለአያታችሁ ከመጋዘኑ የተሰጠችው መሣሪያ ካራቢን ነበረች። አጭር፣ ሰደፏ የእንጨት፤ አንዴ ካቀባበሏት ቃታ በተሳበ ቁጥር ቀለሃዋን ተፍታ ሌላ ጥይት ራሷ የምትጎርስ፣ ግማሽ አውቶማቲክ የሚሏት። የጥበቃ ቤቱ ጣሪያ ስለሚያፈስ በክረምት ጠመንጃ እዚያ ካደረ ይዝጋል። ስለዚህ አለቃቸው «እያንዳንድህ የራስህን ይዘህ ሂድ፣ ወልውለህ ደረቅ አድርገህ አምጣት፤ ጥይት ግን አንዲት ከግቢ አትወጣም» ብሎ ደነገገ። እሱም በእረፍቱ ዋዜማ በጆንያ ጠቅልሎ ያመጣታል።

አማቴ ከአልጋቸው ሆነው ኮቴውን ሲሰሙ፣

«ተነሽ ልጄ፣ በር ክፈቺ። ጣውንትሽ መጣች» ይሉኛል።

«ብቻዋን ነው እማማ?»

«የለም፣ ባልሽም ተሸክሟት መጥቷል።»

እንዲህ እንሳሳቃለን። እኔ ግን ያቺን ብረት እፈራት ነበር። ባዶ መሆኗን እያወቅሁ እንኳን በአፈሙዟ ፊት አላልፍም፤ ጠረጴዛውን ዞሬ ነው የማልፈው። አያታችሁም «እሷን የማይፈራ ሰው ቤቴ አይግባ» ይል ነበር፤ በዚህ አንጣላም።

አወላወሉ ሥርዓት ነበረው። አሮጌ አንሶላ ጠረጴዛው ላይ ያነጥፋል። መጀመሪያ መዝጊያዋን ወደ ኋላ ስቦ ትንሿን ጣቱን ጥይት ወደሚቀመጥበት ጉድጓድ ይከትና «ባዶ» ይላል። ከዚያ ይፈታታል። ክዳኗን፣ ሞላዋን፣ መዝጊያዋን፣ ከላይ ያለውን የጭስ ቱቦ፤ እንደ አወጣጣቸው ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራቸዋል። ሲገጥም ከቀኝ ወደ ግራ ይመለሳል። በዚያ ሰዓት ማንም አንሶላውን አይነካም፤ ዝንብ እንኳን ብታርፍበት ይቆጣል። እኔ ከስፌት የተረፈ ነጭ ቁራጭ እሰጠዋለሁ፤ በመወልወያው ዘንግ ጫፍ ጠምጥሞ አፈሙዟ ውስጥ ይከትና ይስባል። ጥቁር ይወጣል። ሌላ ይጨምራል። ቁራጩ እንደገባ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አይተዋትም።

ከዚያ ዘይት ነው። ዘይቱ ሁለት ነበር፤ ልብ በሉ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ለብረት ነው፣ ቀጭን፣ እኔም ለስፌት መኪናዬ የማንጠባጥበው። ሁለተኛው የተልባ ዘይት ነው፣ ለእንጨቱ፣ ለሰደፏ። የተልባ ዘይት እንጨት ላይ ሲቀቡት አድሮ ይደርቅና እንደ ቆዳ ይሆናል፤ ለእንጨት ያ ነው ደጉ። ለብረት ግን ሙጫ ማለት ነው። ሁለቱንም የምናስቀምጣቸው በሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ነበር፤ ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም አንድ ቁመት። የብረቱ አንገቱ ላይ ከኔ ክር የተቆረጠ ቀይ ክር ታስሮበታል። ቀይ ክር ያለው ለብረት፣ የሌለው ለእንጨት። ከዚህ የቀለለ ምልክት ከየት ይመጣል?

የመጨረሻው ሥርዓት የአማቴ ነበር። መዝጊያዋ ውስጥ አንድ ቀጭን መምቻ መርፌ አለች፤ ጥይቷን ከኋላ የምትወጋት እሷ ናት። አያታችሁ መዝጊያዋን አድርቆ፣ ዘይት አንጠባጥቦ፣ ለብቻዋ በእጁ ይይዝና አማቴ ጆሮ ሥር ይነቀንቃታል። መርፌዋ ውስጥ ለውስጥ ቃጭ ቃጭ ትላለች።

«እማዬ፣ ትናገራለች?»

«ትናገራለች።»

ይህን ሳይሰማ አይገጥማትም። አንድ ቀን «ለምን እሳቸውን ታደክማለህ? አንተው አትሰማም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እኔ መግጠም ስለምቸኩል የሌለውን ልሰማ እችላለሁ» አለኝ። «ይህች መርፌ የሚይዛት ሞላ የላትም። ወዲያ ወዲህ እንደ ልቧ መንሸራተት አለባት። ጫፏ ወደ ፊት ወጥታ እዚያው ከተጣበቀች፣ መዝጊያዋ ተወርውራ ጥይት ስትጎርስ ትወጋዋለች። ቃታ ማንም ሳይነካ! አንዱ ሲተኮስ ሌላውን ትጎርሳለች፣ እሱንም ትወጋለች። ሆዷ እስኪራቆት የሚያቆማት የለም።»

እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ነጩን ቁራጭ የማቀብለው ከሩቅ ሆነ።

እንግዲህ ነገሩ የሆነ ጊዜ ክረምቱ ገፍቶ ነበር። አያታችሁ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተዘግቷል፤ ሲናገር ድምፁ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። በእረፍቱ ዋዜማ እንደልማዱ መጣ፣ አንሶላውን አነጠፈ፣ ፈታታት። ጠርሙሶቹን ሲያነሳ አማቴ ደስ ብሏቸው፣

«አየሃቸው?» አሉት። «ዘይት ጠጥተው ጠጥተው እጅ ላይ ይሙለጨለጩ ነበር። ዛሬ ከውጭ በሳሙና አጠብኳቸው። ያቺም ክር ጥቁር ሆና ነበር፣ ቆርጬ ጥዬ አዲስ አሰርኩልህ።»

«እጅሽ ይባረክ እማዬ። እኔስ ለሰርግ የተዘጋጁ መስለውኝ ነበር።»

ሦስታችንም ሳቅን። ቀይ ክር ካለው ጠርሙስ መዝጊያዋ ውስጥ አንጠባጠበ። ክር ከሌለው ጨርቅ አርሶ ሰደፏን አሸ። ቤቱ በሙሉ የተልባ ዘይት ሸተተ፤ ምኑ ያስገርማል? ሰደፍ በተቀባ ቁጥር እንደዚያ ይሸት ነበር። ከዚያ አማቴ ጆሮ ሥር ነቀነቃት።

«ትናገራለች?»

«ትናገራለች» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ እኔም ሰምቻለሁ።

ሲገጥም አማቴ ድንገት፣

«ለመሆኑ ግቢ ገብተህ ጥይት ስታጎርሳት አፏን ወዴት ነው የምታዞረው?» አሉት።

«ድሮ አሸዋ የሞላ በርሜል ነበረን። ዝገት በልቶት አሸዋው ፈሰሰ። አሁን ወደ ቆርቆሮው አጥር ነው።»

«ከአጥሩ ማዶስ?»

«ሴቶቹ እህል የሚለቅሙበት ነው።»

«ኧረ አንተ ልጅ!»

«እማዬ ደግሞ! በርሜል እስኪመጣ ነው እኮ። ቃታዋን ካልነካኋት ምን ትሆናለች?» አለና ቀይ ክር ያለውን ጠርሙስ ለኔ አቀበለኝ። «እንኪ፣ መኪናሽም ትንሽ ትቅመስ።»

እኔም በመኪናዬ ቀዳዳዎች አንጠባጠብኩ። እሱ ካራቢኗን ጠቅልሎ ከምድጃው አጠገብ፣ ደረቁ ጥግ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጣት።

እረፍቱን ቤት ውሎ አሳለፈ። እኔም በዚያን ሰሞን መኪናዬ ላይ አልተቀመጥኩም፤ የእጅ ሥራ ነበረኝ፣ ቁልፍ መትከል። ከእረፍቱ ማግስት ምሳ በላን፣ ካራቢኗን አንጠልጥሎ ለከሰዓቱ ተራ ወጣ። በሩ ላይ አነጠሰ። አማቴ «ይማርህ» አሉት፣ «ያኑራችሁ» አለና ሄደ።

እኔ አንድ ሱሪ አነሳሁና መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ፔዳሉን ረገጥሁ፤ እምቢ አለኝ። መንኮራኩሩን በእጄ ገፋሁት፤ እንደ በሽተኛ አቃሰተና አንድ ጊዜ ዞረ። መርፌዋ ወረደች። ከዚያ እዚያው ቀረች። ጨርቁን እንደወጋች አልነሳም አለች።

ምን ነካት ብዬ የጎኗን ክዳን ከፈትኩ። ጣቴን ከተትኩ። ጣቴ ሲወጣ ጥብቅ ብሎ፣ እንደ ማስቲካ ተስቦ ወጣ። አሸተትኩት።

ልጆቼ፣ ሰው ሲደነግጥ ይጮሃል ይላሉ። እኔ አልጮህኩም። ቀስ ብዬ ተነሳሁና ቀይ ክር ያለውን ጠርሙስ ከፍቼ አሸተትኩ። ተልባ። ክር የሌለውን ከፍቼ አሸተትኩ። የመኪና ዘይት። ደግሜ አሸተትኩ፤ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ እንደ ሞኝ ሦስተኛም አሸተትኩ።

«ምንድነው እሱ? ትንፋሽሽ ተቀየረ» አሉ አማቴ ከአልጋቸው።

«እማማ፣ ክሩን ሲቀይሩ ከየትኛው ፈትተው የትኛው ላይ አሰሩት?»

«ከ… ሁለቱንም ነው ያጠብኳቸው። ክሩን ቆርጬ ጣልኩት። ፀሐይ ላይ አቆምኳቸው። ከዚያ አዲሱን…»

እጃቸው አየር ላይ የሌለ ጠርሙስ እንደያዘ ቀረ።

«ልጄ፣ አላውቅም» አሉ። ወዲያው ደግሞ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ «ግን እኮ ትናገር ነበር! በዚህ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ!»

«ያኔ እርጥብ ነበር እማማ። አሁን ደርቋል።»

መኪናዬ ላይ ተተክላ የቀረችውን መርፌ አየኋት። ሌላ ማስረዳት አላስፈለገም። አማቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና «ሩጪ» አሉኝ።

ሮጥሁ። መጀመሪያ ሱቅ ገባሁ፤ ሰፈሩ ውስጥ ስልክ ያለው ባለሱቁ ብቻ ነበር።

«ምነው እህቴ፣ ቤት ተቃጠለ እንዴ?»

«መጋዘን በር! የጥበቃዎቹን ስልክ ደውልልኝ!»

«የትኛውን ስልክ? ዝናቡ ገመዱን ከጣለው ወዲህ እኮ እሱ ሞቷል። ቆይ ውሃ ልስጥሽ…»

ውሃውን ለራሱ ትቼለት ወጣሁ። መንገዱ ጭቃ ነው። አንድ ጫማዬን ጭቃው ያዘው፣ ሁለተኛውን እኔው ጣልኩት። ሰው ያየኛል። አንዷ «ልጅ ጠፍቶባት ነው» ስትል ሰማሁ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱ ቀስ እያለ ነው የሚራመደው፣ ጉንፋን ይዞታል፣ ከሳቂታው ጋር ቆሞ ያወራል፤ ሳቂታው የተራ ጓደኛው ነው፣ ወሬው አያልቅም። አምላኬ፣ ዛሬ ሳቂታውን ምላሱን አርዝምልኝ!

ወደ መጋዘኑ መታጠፊያ ልደርስ ስል፣ ጧ!

ድምፁ የመጣው ከመጋዘኑ በኩል ነው። አጥር ላይ የነበሩ እርግቦች ተነስተው በረሩ።

ቆምኩ። እግሬ እንቢ አለኝ፣ ልክ እንደ መኪናዬ። አጥሩን አየሁት፣ ቆርቆሮውን፣ ከማዶው የተቀመጡትን ሴቶች፣ መሃላቸው የምትወድቀውን። እሱንም አየሁት፣ በሁለት ፖሊስ መሃል ሲሄድ፣ የገዛ እጁን እያየ። ይህን ሁሉ አንድ ትንፋሽ ሳልተነፍስ አየሁ። ከዚያ ግን ጆሮዬ ሁለተኛውን ጠበቀ። አንዱ ሲተኮስ ሌላውን ትጎርሳለች ብሎኝ የለም? ሆዷ እስኪራቆት የሚያቆማት የለም ብሎኝ የለም? ሁለተኛው አልመጣም። አንድ ብቻ። እሷ ብትሆን በአንድ አትቆምም! ብዬ እግሬን ከጭቃው ነቀልኩት።

መታጠፊያውን ሳልፍ አንድ የጭነት መኪና ወደ ጎን አዘንብሎ ቆሟል። ሹፌሩ የኋላ ጎማውን በእርግጫ ይላል።

«ጎማ ነው እህቴ፣ ጎማ! ሰው አልሞተም! ማልቀስ ያለብኝስ እኔ ነበርኩ!» አለኝ። ማልቀሴን ያወቅሁት ያኔ ነው።

በሩ ላይ ሳቂታው ቆሟል። በባዶ እግሬ ሲያየኝ ጥርሱ ሁሉ ወጣ።

«እመቤት! ባልሽን ልትፈትሺ መጣሽ? ዛሬ እንኳን ብቻውን ነው፣ እማኝ እሆናለሁ!»

«የት አለ?»

«ያው፣ አጥሩ ጋ እያጎረሳት…»

ገፍቼው አለፍኩ። አያታችሁ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። አፈሙዟ ወደ ቆርቆሮው ነው። መዝጊያዋ ወደ ኋላ ተስባ ቆማለች፤ እሱ ከላይ የመጨረሻዎቹን ጥይቶች በአውራ ጣቱ እየተጫነ ያጎርሳታል። ከአጥሩ ማዶ ሴቶቹ እየተቀላለዱ ይለቅማሉ፤ እህሉ በሰፌድ ላይ ሲንሸራተት ሳይቀር ይሰማኛል። አሁን የቀረው መዝጊያዋን ትንሽ ሳብ አድርጎ መልቀቅ ነው። እጁ ከጥይቶቹ ተነስቶ ወደ እጀታው ሄደ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ብጮህ ይደነግጣል። ቢደነግጥ እጁ ያመልጠዋል። ምን ልበል? ስሙን ልጥራ? ስሙን ብጠራው ዞር ሲል ብረቷም አብራው ትዞራለች። ጣቱ እጀታው ላይ አረፈ። እኔም ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ቤት ውስጥ ጠረጴዛው አጠገብ እንደቆምኩ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣

«ትናገራለች?» አልኩ።

ጣቱ ቆመ። ያ ጥያቄ ለእሱ መልስ ሳይሰማ የማይገጥምበት ጥያቄ ነው። ሰውነቱ ከጭንቅላቱ በፊት ታዘዘው። አልዞረም። አንገቱን ብቻ ትንሽ ሰበር አደረገ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። አትልቀቃት። ክሩ ተሳስቷል። ውስጧ ያለው የተልባ ዘይት ነው። የኔዋ መኪና ደርቃ ቆማለች።»

ከኋላ ሆኜ የጆሮው ቀለም ሲቀየር አየሁ። እጁን ከእጀታው ላይ አነሳ፣ ከትኩስ ምጣድ ላይ እንደሚያነሱት። አፈሙዟን ከአጥሩ ላይ መልሶ ወደ ጭቃው መሬት ዘቀዘቃት፤ ያን ያህል ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ አይቼው አላውቅም።

«ሳቂታው» አለ፣ «ሴቶቹን ከአጥሩ አስነሳቸው። አሁን። አትሳቅ።»

ሳቂታው አልሳቀም። ማዶ ሄደ። ወዲያው ጫጫታ ተነሳ። «ተቀመጡ ሲሉን እንቀመጥ፣ ተነሱ ሲሉን እንነሳ!» ትላለች አንዷ። «ወንድ ልጅ ሥራ ሲፈታ ሴት ያስነሳል!» ትላለች ሌላዋ። ያ ስድብ ለኔ ዜማ ነበር። እንዲሰድቡን ዕድሜ ተሰጣቸው።

አያታችሁ የሆዷን ክዳን ከታች ከፈተው፤ ጥይቶቹ ጭቃው ላይ ዱብ ዱብ አሉ። ትንሿን ጣቱን ከተተ። «ባዶ» አለ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። እዚያው ተንበርክኮ ፈታታት። መዝጊያዋን አውጥቶ ጆሮው ሥር ነቀነቃት። ከዚያ ለኔ ሰጠኝ። ነቀነቅኋት። ሳቂታው ተመልሶ ስለነበር እሱም ተቀብሎ ነቀነቃት።

ምንም። ዲዳ።

አዙሮ ፊቷን አየው። የመርፌዋ ጫፍ ወጥታ፣ እንደ እሾህ ጫፍ፣ እዚያው ተጣብቃ ደርቃለች። በጥፍሩ ገፋት፤ አልተነቃነቀችም። ሳቂታው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ፣ በንጹሕ ሱሪው። አጥሩን አየ፣ ብረቷን አየ። «አንድም ቀን ሥራ ቦታ አልፈራሁም እላችሁ አልነበር?» አለ። «ዛሬ የድርሻዬን ፈራሁ።»

አለቃው መጣና ሰማ። አያታችሁ መዝጊያዋን ቤት ወስዶ አጥቦ እንዲያመጣ፣ በርሜል እስኪመጣ ድረስም ማንም እዚያ አጥር ጋ እንዳያጎርስ አዘዘ። መዝጊያዋን በመሐረብ ጠቅልለን ወጣን። አያታችሁ ሳቂታው ያዋሰኝን ሰፊ ጫማ እያየ ሊስቅ ይሞክራል። እጄን አልለቀቀኝም፤ መንገድ ላይ እጅ ለእጅ መሄድ ያፍር የነበረ ሰው ነው።

ያ ያዘነበለ መኪና ጋ ስንደርስ ሹፌሩ አዲሱን ጎማ እየገጠመ ነበር።

«ቅድም ስትጮህ የሰማኋት ይህች ጎማ ናት?» አለ አያታችሁ።

«አዎ፤ እኔማ አንተ መስለኸኝ…»

ሁለታችንም አንድ ላይ ቆምን።

«እማዬ» አለ።

ያ ጆሮ! መንገድ ላይ የለቀቀ ጫማ የሚለይ ጆሮ፣ ከመጋዘን በኩል የመጣ ጧ እንዴት ያመልጠዋል?

እየሮጥን ቤት ደረስን። በሩ እኔ እንደተውኩት ገርበብ ብሏል። አማቴ የኔ የስፌት መኪና ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳው። ሁለቱም ጠርሙሶች ጭናቸው ላይ ናቸው። ያ ቀይ ክር ተፈትቶ ጣታቸው ላይ ተጠምጥሟል፤ የጣታቸው ጫፍ ደም አጥቶ ነጥቷል። አልዞሩም።

«እማማ…» አልኩ።

«አትናገሪ» አሉኝ። ድምፃቸው የሳቸው አልነበረም። «እሱ ካለ፣ ይራመድ። መጀመሪያ ይራመድ።»

አያታችሁ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ተራመደ። ጭቃ የያዘ ጫማው ወለሉ ላይ ጧ ጧ አለ።

«ድገም።»

ከጠረጴዛው እስከ በሩ ተመለሰ። ያኔ ትከሻቸው ወረደ። ክሩን ከጣታቸው ፈቱት። «አንድ ነው የሰማሁት» አሉ። «አንድ ብቻ ነው፣ እሷ ብትሆን አትቆምም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ግን ለአንድ ሰው አንድ ይበቃል። ይህንን እያሰብኩ ተቀመጥኩ።»

አያታችሁ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ምን እንዳለ አልነግራችሁም፤ የእናትና የልጅ ነው። እኔ ወጥቼ ላምባ ፈለግሁ።

መዝጊያዋን ላምባ ውስጥ ዘፈዘፋት። የደረቀው ዘይት ሲለቅ ላምባው ላይ እንደ ወተት ቆዳ ተንሳፈፈ። መርፌዋን አወጣ፣ አሸ፣ አደረቀ፣ ጉድጓዷን በኔ ነጭ ቁራጭ ጠረገ። ዘይቱን ሊያነሳ ሲል ግን ክር የሌለባቸው ሁለት ጠርሙሶች ናቸው፣ አፍንጫው ደግሞ ተዘግቷል። ሁለቱንም አንስቶ ለእናቱ ሰጣቸው።

«እማዬ፣ የብረቱን ስጪኝ።»

«እኔ? እኔ አልነካም! ዳግመኛ እጄ አይነካቸውም!»

«እንግዲያ ሳትናገር ትገጠማለች።»

አማቴ አንዱን ጠርሙስ ከፍተው አሸተቱ፣ ሌላውን አሸተቱ፣ የመጀመሪያውን ደግመው አሸተቱ። ለኔ ሰጡኝ፣ እኔም አሸተትኩ። «ይሄ ነው» አልን፣ አንድ ላይ።

አንጠባጠበ። ጆሯቸው ሥር ነቀነቃት።

«ትናገራለች?»

«ጆሮዬን አላምነውም።»

«ጆሮሽ አልዋሸም እማዬ። ያን ቀን ትናገር ነበር። እኔ ነኝ ከዚያ በኋላ ደግሜ ያልጠየቅኳት።»

ቃጭ ቃጭ።

«ትናገራለች» አሉ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ እጁን ያዙት። «ድገማት። ነገም ከመውጣትህ በፊት አምጣልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሥርዓቱ ተቀየረ። ሲወለውል ብቻ ሳይሆን ከቤት ሲወጣም ይፈታትና ጆሯቸው ሥር ይዞ ይቆማል። ቢረፍድበትም ይቆማል። የተልባውን ዘይት ጣሳ ውስጥ ገለበጥነው፤ ከጠርሙስ ጋር እንዳይመሳሰል። ክሩን የሚያስሩት ግን አማቴ ነበሩ። እሱ ነው እንቢ ያለው፤ «ሌላ ሰው ያሰረውን አላምንም» ብሎ። ከማሰራቸው በፊት ጠርሙሱን አፍንጫቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። አንድም ቀን አልቸኮሉም።

እኔ አሁን አርጅቻለሁ፣ ያ መኪናም ዝጓል፣ እነሱም ሁለቱም አፈር ለብሰዋል። እናንተ ደግሞ ጠመንጃ አትያዙልኝ እንጂ፣ የሆነ ነገር ፈትታችሁ መግጠማችሁ አይቀርም። በልማድ «ደህና ነው» ልትሉ ስትሉ፣ አንዴ ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉት። ያኔም፣ እባካችሁ፣ ክሯን በጣቷ ጠምጥማ የልጇን ኮቴ ስትጠብቅ የነበረችውን ያቺን እናት አስታውሱልኝ።